የመድን ካርዴን የተቀበለችው ጤና መኮንን

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ከዋሸሁ የመስታወት መቁረጫዬ ይደንዝ። ሃያ ሁለት ዓመት መስታወት የቆረጥኩ ሰው ነኝና ይህ ቀላል መሐላ አይደለም። ምስክር ካስፈለገም አለች፤ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የሸሚዜን ቁልፍ እየሰፋችልኝ ነው።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። መልኬን አልገልጸውም፤ መንገድ ላይ ሴቶች እኔን ሲያዩ ይደናቀፉ እንደነበር ብቻ ልጥቀስ። አንድ ቀን ቤት የሚያክል መስታወት እጄ ላይ ተሰበረና ቀኝ መዳፌን ተረተረው። በሦስተኛው ቀን እጄ አብጦ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ።

«አታስቢ» አልኳት ታላቅ እህቴን፤ «የጤና መድን አለኝ። ካርዴን ሲያዩ በሩን ብርግድ አድርገው ነው የሚቀበሉኝ።»

«እሱን እናያለን» አለች።

አየን። የመድን ቢሮው ካርዱን ይቀበላሉ ያላቸውን ክሊኒኮች ዝርዝር ሰጠኝ፤ አርባ ሰባት ነበሩ። አርባ ሰባቱንም በእግሬ አዳረስኩ። የመጀመሪያው የሴራሚክ መሸጫ ሆኗል። ሁለተኛው ካርዱን ይቀበላል፤ ጤና መኮንኑ ግን ሥራ ለቋል። ሦስተኛው ጤና መኮንን አለው፤ ካርዱን ግን አይቀበልም። አራተኛው፣ ተመስገን፣ ሁለቱንም አሟልቷል፤ ወረፋው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው።

«እመቤቴ፣ በሦስት ወር ውስጥ እኮ ይህ እጅ ከእኔ ጋር አይኖርም!» አልኳት የካርድ ክፍሏን ሴትዮ።

«እንግዲያው ያኔ ሲመጡ ቀለል ይልዎታል» ብላ መስኮቷን ዘጋችው።

ለእህቴ ስነግራት ሳቀች። «አንተ እንደሆንክ ለጉራ አንድ እጅ ይበቃሃል» አለች፤ ዓይኗ ግን ከፋሻው አልተነቀለም። ቀኝ እጄ ከሄደ ሙያዬም አብሮ እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። በግራ እጄ የቆረጥኩት መስታወት እባብ የሄደበት መንገድ ይመስላል።

አርባ ሰባተኛዋ ከላውንደሪ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክሊኒክ ናት። ስደርስ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ቦርሳዋን አንግታ እየወጣች ነበር። በቃኝ! ደረጃው ላይ ቆምኩና የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጸጥ እስኪል ጮህኩ፦

«ካርዴን የሚቀበል የሰው ዘር ጠፋ ወይ!»

ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ከውስጥ ብቅ አለች። ፋሻዬን አየች። ከዚያ ዓይኔን አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እዚያው ወዳኛለች።

«ዶክተር፣ እባክሽ...»

«ዶክተር አይደለሁም፤ ጤና መኮንን ነኝ። እስቲ ያምጡት።»

«እጄን ነው ካርዱን?»

«ሁለቱንም።»

ሌላው ቦታ ሰው ሲታከም ካርዱ ጀርባ ላይ ማህተም ይመታል። እሷ ግን ሳትገለብጠው መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ማስታወሻዬ እንዲሆናት መሆኑ ገባኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘችና መግሉን ማውጣት ጀመረች። እኔ እንደ ተራራ ጸጥ አልኩ። ከመስኮቷ አንዱ መስታወት ወድቆ በካርቶን ተደፍኗል፤ እሱን እያየሁ ቻልኩት።

ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ሄድኩ። የምታስገባኝ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ከወጣች በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከእኔ ጋር ስትሆን ማንም እንዲረብሻት አትፈልግም።

በአምስተኛው ሳምንት ስቱኮና መስታወት ይዤ ሄድኩና ካርቶኑን አንስቼ በአንድ እጄ መስታወት ገጠምኩላት። መስኮቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ብርሃን ገባ» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «አንተ ግን እጅህን አሳርፍ አላልኩህም?»

አምስት ሳምንት ሙሉ «እርስዎ» ስትለኝ የከረመች ሴት ናት። ሁለታችንም ሰማነው። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን።

«እንጋባ» አልኳት።

ፋሻውን እየጠቀለለች ቆመች። «እኔ የራሴን ሰው አላክምም። እጅ ይንቀጠቀጣል። ወይ ታካሚዬ ሁን፣ ወይ...» አልጨረሰችውም።

እንግዲህ ፍረዱኝ! በስንት መከራ ካርዴን የምትቀበል አንዲት ሴት ባገኝ፣ እሷኑ በመውደዴ ሐኪም አልባ ልሆን? ቁስሉ አልገጠመም፤ ትንሿ ጣቴ አትታጠፍም። ያንን የተረገመ ዝርዝር ይዤ እንደገና ከሴራሚክ መሸጫው ልጀምር? መድንን የፈጠረውን ሰው፣ ዝርዝሩን የጻፈውን ሰው፣ ጽሕፈት የፈለሰፈውን ሰው ሁሉ በልቤ ረገምኩ።

«እጄ ይቅርብኝ» አልኳት።

እንባዋ እንደ ቧንቧ ወረደ። ከዚያች ቀን ወዲያ እጄን ሐኪም የሚባል አልነካውም፤ በፍቅር ብቻ ዳነ።

እዚህ ላይ ስደርስ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ባለቤቴ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

«አራት ነበሩ» አለች።

«ምኖቹ?»

«ክሊኒኮቹ። የእኛ አምስተኛ ነበር። ደረጃው ላይም አልጮህክም፤ ቁጭ ብለህ ታለቅስ ነበር።»

«እሱ እንኳ ላብ ነው።»

«እሺ፣ ላብ ይሁን።» ሸሚዙን አጣጠፈችው። «ካርዱንም አልተቀበልኩህም። ክሊኒካችን ከመድኑ ጋር ውል የገባው ከተጋባን ከዓመት በኋላ ነው። ሠራተኛዋ እስክትወጣ የማስጠብቅህ ለዚያ ነበር። ስምህ መዝገብ ላይ የለም።»

እሷ የክር ሳጥኗን ከፍታ ከሥሩ አንድ ካርድ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ አንድም ማህተም የለም።

«እጄን ግን ፍቅር ብቻ ነው ያዳነው» አልኩ።

«እንጋባ ካልከኝ በኋላም ሰባት ማክሰኞ አከምኩህ» አለች መርፌዋን ወደ ቦታው እየመለሰች። «እጄ እየተንቀጠቀጠ።»