ዘይት ያልነካው ኩሬ

«ዘይት ጨምረንበታል፣ ጓድ!» አለች ወይንሸት፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ።

ሶረቲ ከኩሬዋ ዳር ቁጢጥ ብላ ቄጠማ ስትተክል ነበር፤ የያዘችው ሥር ከእጇ አመለጣት። ማን ጨመረ? መቼ? እዚህ ውኃ ውስጥ አንዲት ጠብታ ዘይት ገብታ አታውቅም!

ጓድ ቲጃኒ የቀበሌው የወባ ኮሚቴ ኃላፊ ናቸው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ በየጓሮው እየዞሩ፣ ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ሁሉ ይደፈን፣ ካልሆነም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይፍሰስበት እያሉ ያዛሉ። ዘይቱ ውኃውን ሲሸፍነው የቢምቢ እጭ አየር አጥቶ ይሞታል። ዓሣውም እንቁራሪቱም አብሮ ይሞታል፤ ስለ እነሱ ግን ማን ጠይቆ!

«ደግ» አሉ ጓድ ቲጃኒ፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው። ዝናቡ ሊጥል ስለሆነ ቸኩለዋል። «ቅዳሜ ተመልሼ በዓይኔ አያለሁ፣ ኢንሻአላህ። እጭ የተገኘበት ቤት ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ!»

ገና ከመሄዳቸው ሶረቲ ጎረቤትም ጓደኛም የሆነቻት ወይንሸት ላይ ዞረችባት። «ምን ነካሽ አንቺ?»

«ውይ፣ አተረፍኩልሽ እኮ! ፋራ አትሁኚ በናትሽ። ቅዳሜ ጠዋት ዳር ዳሩን ጠብ ጠብ እናደርግበታለን። ሽታው ሲሸታቸው ይሄዳሉ፤ አለቀ።»

«ዘይት እኮ ነው! ጠብ ያልሽው ሁሉንም ያዳርሰዋል።»

ወይንሸት ትከሻዋን ነቀነቀች። ለእሷ ኩሬው ኩሬ ነው። ለሶረቲ ግን እንዲያ አልነበረም። የቡ በምትባለው አገራቸው ሳሉ ከቤታቸው በታች የሚወርደው ጅረት፣ የቡና ማጠቢያ ከተተከለበት ወዲህ ጠቁሮ ገማ፤ ማታ ማታ ይንጫጩ የነበሩት እንቁራሪቶችም ድምፃቸው ጠፋ። ወደ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ወደሚባለው ሰፈር ሲመጡ ሶረቲ በወተት ቆርቆሮ ጥቂት የእንቁራሪት እንቁላል ይዛ መጣች። እናቷ ወርቂቱ «ኧረ በሞቴ፣ ሰው ዶሮ ያረባል፣ ይቺ ራቻ፣ እንቁራሪት ልታረባ ነው!» ብላ እስኪያማት ሳቀች።

መጀመሪያ የቆፈረችላቸው ኩሬ እንደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ቀጥ ያለ ነበር። አንድ ጠዋት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጓጉንቸር መውጫ አጥቶ ሞቶ አገኘችው፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልበላ አላት። እንደገና ቆፈረች። አንዱን ዳር እንደ ወንዝ ዳር ዘቅዘቅ አደረገችው። ውኃ እንዳይሰርግ ቀይ ጭቃ በእግሯ ረግጣ ለጠፈችበት። ከአዌቱ ወንዝ ድንጋይና ጥቃቅን ዓሣ አመጣች። አሁን ለማያውቅ ሰው እግዜር የሠራው ይመስላል፤ ድንጋዩ ላይ የምታርፍ ሰማያዊ ወፍ እንኳ አለችው። የቀረው ነገር ከኩሬው ወጥቶ አጥሩ ሥር የተከመረው አፈር ነው። «መቼ ነው የምታነሽልኝ?» ትላለች እናቷ በየቀኑ።

ጓድ ቲጃኒ በመጡ ማግስት የወይንሸት ታናሽ ወንድም ዕንባቆም በወባ ተያዘ። ከሦስት ጋቢ በታች ይንቀጠቀጣል። ሶረቲ ልትጠይቀው ብትገባ፣ እናቱ እትዬ ጣይቱ ከደጃፉ መለሷት።

«ልጄን የጣለብኝ ያ ኩሬሽ ነው! የሰው ልጅ ይሻላል ወይስ እንቁራሪት?»

ሶረቲ እያለቀሰች ወደ ጓሮዋ ሄደች። እውነት የእሷ ኩሬ ከሆነስ? ከሆነ እንግዲህ ዓሣም እንቁራሪትም አይኖርም፣ ራሷ ትደፍነዋለች። ግን መጀመሪያ ማወቅ አለባት።

ነጩን የብረት ሳህን ከማጀት አወጣች። የሳይንስ አስተማሪዋ እንድርያስ የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ገጽ ላይ ጋደም ብሎ እንደሚተኛ አሳይቷቸው ነበር። ከመሃል ቀዳች፤ ምንም። ከድንጋዩ ሥር ቀዳች፤ ምንም። ቄጠማው ከበዛበት ጥግ ስትቀዳ ግን፣ ሳህኑ ላይ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ጋደም ብለው ተንሳፈፉ። ዓሣዎቹ እዚያ ጥግ መግባት አልቻሉም ማለት ነው። ማጭድ አምጥታ ቄጠማውን አሳሳችው። ቆይታ ብታይ ዓሣዎቹ እየተሽሎኮሎኩ እዚያው ጥግ ገብተዋል።

ግን ሁለት እጭ ሰፈሩን በሙሉ በቢምቢ ያጥለቀልቃል? አልዋጥላት አለ። ሳህኗን ይዛ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች። ከእነ ወይንሸት ማድ ቤት ጀርባ፣ በበጋ ለግድግዳ ምርጊት ጭቃ ያወጡበት ጉድጓድ አለ። ጓድ ቲጃኒ ከመንገዱ ሆነው አያዩትም። ዝናብ ሞልቶታል። አንዴ ቀዳች። ሳህኑ ሙሉ እጭ ነበር።

ለጊዜው ደስ አላት፤ አዎ፣ ደስ አላት። ቅዳሜ «ጓድ፣ ወዲያ ማዶም ይዩ» ማለት ብቻ ነው። እትዬ ጣይቱ አፋቸውን ይይዛሉ፤ ስኳራቸውም ይቀራል። ኋላ ግን ከቤት ውስጥ የዕንባቆም ልቅሶ ተሰማት፤ ደስታዋ አስጠላት።

«ወይንሸት! ኮቱ፣ ነይ ወዲህ!»

ወይንሸት መጣች፣ ሳህኑን አየች። አስተማሪያቸው አንድ ነው፣ ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም። ፊቷ ልውጥ አለ። «ከእኛ ነው?»

«ከእናንተ ነው።»

«ወይኔ ዕንባቆም...» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለጓድ ቲጃኒ ልትነግሪ ነው?»

«እኔ አፈር አለኝ» አለች ሶረቲ። «እናቴ አንሽው አንሽው እያለች ጨቅጭቃኛለች። ጆንያ አምጪ።»

አርብ እስኪመሽ ከአጥሩ ሥር እያፈሱ ጉድጓዱ ውስጥ ደፉ። እትዬ ጣይቱ ምን እንደሆነ ሲገባቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አካፋ አነሱ። ይቅርታ አላሉም። ሲጨርሱ ግን የሶረቲን እጅ ራሳቸው አስታጠቧት።

«በይ አሁን ዘይቷን ጠብ እናድርጋት» አለች ወይንሸት ጭቃዋን እያራገፈች። «እጭ የለም፣ ውሸቱም ማንንም አይጎዳም።»

«ዓሣዎቹን ይጎዳል።»

«ዋሽታችኋል ብለው ቢቆጡስ? ስኳሩስ?»

ሶረቲ ይሄንን አስባበታለች። እናቷ ቀኑን ሙሉ ቡና መጋዘን ጎንበስ ብላ ስትለቅም ውላ ስትመጣ፣ የምትመኛት አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ናት። ማታ ሁሉንም ነገረቻት፤ ውሸቱንም ጭምር።

ወርቂቱ አዳመጠቻት። «የቡ ሳለን ቡናውን በምን ነበር የምንጠጣው?» አለች በመጨረሻ።

«በጨው።»

«እንግዲያ ምን ያስፈራሻል?»

ቅዳሜ ጓድ ቲጃኒ ዘይት የሞላ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ። ሶረቲ ከበሩ ጠበቀቻቸው። ወይንሸትም ከኋላዋ ነበረች፤ ለመጥፋት አስባ ነበር፣ ግን አልጠፋችም።

«ጓድ፣ ዘይት አልጨመርንም» አለች ሶረቲ፣ ሳይጠይቋት። «ያን ቀን የነገርንዎት ውሸት ነው። እጭ ግን የለበትም፤ ዓሣዎቹ ይበሉታል።» ኩሬው ዳር አድርሳቸው ነጩን ሳህን ዘረጋችላቸው። «ከፈለጉበት ቦታ ይቅዱና ይዩ።»

ጓድ ቲጃኒ አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ ልጅቷን አዩ። «ወላሂ፣ የዛሬ ልጆች! ካገኘሁስ?»

ከሶረቲ ኋላ ከቄጠማው ውስጥ የሆነ ነገር ጥልቅ ብሎ ውኃው ውስጥ ገባ።

«ካገኙ» አለች፣ «ጀሪካኑን ለእኔ ይስጡኝ። ራሴ አፈስሰዋለሁ።»

ጓድ ቲጃኒ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ሳህኑን ከእጇ ተቀበሉ።