አደስ ያልነካው ራስ

ኢንስፔክተር ገዳሙ ከደብረ ማርቆስ ተጠርቶ ይጁቤ አጠገብ ካለችው መንደር ሲደርስ የእንዳላማው ሬሳ ታጥቦ ተገንዟል። ሟቹ የወደቀበትን የገደል አፋፍ ለቀስተኛው ረግጦ ጭቃ አድርጎታል። ዱካ የለም። ያለው ጫፉ በማጭድ የታጨደ የአደስ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ለሠርግ የተጣለው ዳስ ለልቅሶ ሆኗል፤ በምሰሶዎቹ የታሰረው አደስ ገና አልጠወለገም።

የሟች አራሽ ጌቱ ከግንድ ጋር ታስሯል።

«ትናንት ተጣልተው ነበር። ሌላ ማን ይገድለዋል?» አሉ የሟች ዘመዶች። ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም። ገዳሙ ገዳዩን ሳያገኝ ቢመለስ ጌቱ በሕይወት እንደማያድር ገባው።

የሟች ሚስት የብርጓል ፊቷን ነጭታለች፤ ቅቤ በግንባሯ ይወርዳል።

«ትናንት ከሰዓት ከብት ሊያይ ወጥቶ ቀረ። ከዘመድ አድሯል ብዬ... ምን አውቄ!»

የሟች እኅት ሥራነሽ የሙሽራዋ እናት ናት።

«ትናንት ከገደሉ ደርሰሽ ነበር?» አላት ገዳሙ።

«እኔ? ሠርግ ደግሼ?»

«ከአፋፉ ያለውን አደስ ማን ቆረጠው?»

«ምን አውቃለሁ ጌታው፤ ስንቱ ይገባል፣ ስንቱ ይወጣል።»

የጠየቀው ሁሉ «ምን አውቃለሁ» አለው። ገዳሙ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑን መታበት።

«ይህ አገር ከገደሉ ጋር ተማክሯል እንዴ!»

ከጓሮ አሮጊቷ ወለተ ጊዮርጊስ ራሳቸውን በአመድ ያሻሉ።

«ምነው እማማ?»

«ቅቤ ተቀብቶ ልቅሶ አለ እንዴ ልጄ? ማታ ለሠርጉ አደስ በቅቤ ተለውሶ ሁላችን ተቀባን። ማን አውቆ!»

«ማን ቀባችሁ?»

«ሥራነሽ ናታ። አደሱንም ከሰዓት ተሸክማ የመጣች እሷው።»

ገዳሙ ወደ ዳሱ ተመልሶ የሴቶቹን ራስ በየተራ አየ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ሬሳው የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። ማታ ሴቶቹ ሁሉ ቅቤ ተቀብተዋል፤ የብርጓልም። ባሏ መሞቱን ብታውቅ ባልተቀባች። ሁሉን የቀባችው ሥራነሽ ግን ራሷ ደረቅ ነው፤ አመድም አልነካውም። በልጇ ሠርግ!»

«ራሴን አሞኝ ነው» አለች ሥራነሽ።

«ኧረ በማርያም! የራስ ምታት መድኃኒቱ ቅቤ አይደል?» አሉ ወለተ ጊዮርጊስ።

«መሞቱን አውቀሽ ዝም አልሽ» አለ ገዳሙ። «ለማን ብለሽ? ወንድምሽን ለገደለ አራሽ? አይሆንም። ለወንድምሽ ሚስት? አይሆንም። ለልጅሽ ብለሽ ይሆናል፤ ሙሽራዋ መሲ ግን ትናንት ከቀትር ጀምሮ እጅ እግሯ በእንሶስላ ታስሮ ከጓዳ አልወጣችም። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ማን እንደቆረጠው አላውቅም ያልሽውን አደስ የቆረጥሽውም ከዚያው አፋፍ ነው።»

ሥራነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«‹ሙሽራው ሰባት ቤት አይሞላም፤ ዘመዳችን ነው፤ ነገ ለቄሱ ነግሬ አስፈርሰዋለሁ› አለኝ። ድግሱ ተደግሶ! እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት።» ቀና አለች። «ብቀባ ኖሮ ማንም ባላወቀኝ። ወንድሜ ገደል ውስጥ ተኝቶ ቅቤ? እጄ እምቢ አለኝ።»

«ጌቱን ፍቱት» አለ ገዳሙ።

ማንም አልተነሣም። ያሰሩት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። ገዳሙ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት የብርጓል ተነሥታ ገመዱን በጥርሷ ጭምር ፈታችው።

«ሂድ ጌቱ፤ ቤትህ ግባ።»

ጌቱ አንጓውን እያሸ ወደ ሬሳው አየ።

«እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ እናንተ ስታለቅሱ እኔ ታስሬ ቆምሁ። አሁንስ ላልቅስለት?»