በሰንበት የታሰረው ክር

የምነግራችሁ በቤቴ የሆነ ነገር ነው። ማመን የማይፈልግ አሁኑኑ ይተወው፤ እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ነበር... እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት የሚሉት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። ጨለማ የለ፣ ምን የለ። ፀሐዩ ሳሎኑን ሞልቶታል።

ልጄ ኦዴል ሐኪም ናት። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ገና እየተማረች ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ኡልፓን የሚሉት የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ እሱንም አልጨረስኩት።

ኦዴልን ያስተማረቻት ሺፍራ የምትባል ግራኝ ሴት ነበረች። ክፉ ናት። መጀመሪያ የምታስተምረው ቋጠሮ ነው፤ የስፌቱን ክር በአንድ እጅ፣ ሳያዩ፣ ቶሎ ማሰር። ኦዴል ስትሳሳት በመቀስ ጣቷን ትመታታለች።

«ሹቭ» ትላታለች። እንደገና ማለት ነው።

አንድ ቀን በሽተኛ ፊት፣ እነዚህ ጣቶች ለመጥረጊያ ነው የተፈጠሩት አለቻት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ባለፈው ክረምት ሺፍራ ሞተች። ያው ስትቆርጠው የኖረችው በሽታ ራሷን በላት። አላዘንኩላትም።

ኦዴል ግን ቋጠሮውን አልተወችም። የወንበር እግር፣ የበር እጀታ፣ የነጠላዬ ዘርፍ ሳይቀር በጥቁር ክር ታስራለች። ሰንበት ሲገባ ብቻ ታቆማለች። በእኛ ቤት በሰንበት አይቋጠርም፣ አይፈታም። እናቴ ከጎንደር ይዛው የመጣችው ነው፤ እኔም አላላላሁትም።

ያን ቅዳሜ ጎረቤቴ እትዬ አትክልት ከጸሎት መልስ እኛ ጋ በልተው ሶፋው ላይ ሸለብ አደረጋቸው። ሲነሱ... ቀሚሳቸው ላይ፣ በግራ ጡታቸው በኩል፣ ጥቁር ክር ተቋጥሯል።

«ልጅሽ እንደ ገበያ በግ ምልክት አሰረችብኝ?» ብለው ሳቁ።

ኦዴልን ጠርቼ ሰንበት ሻርሽ ብዬ ተቆጣኋት። ጎንበስ ብላ አየችው። ከንፈሯ ነጣ።

«እማ፣ እኔ አይደለሁም» አለች በሹክሹክታ። «ይሄ የግራኝ ቋጠሮ ነው።»

እትዬ አትክልት ወር ሳይሞላቸው ሐኪም ቤት ገቡ። በሽታው የተገኘባቸው እዚያው ላይ ነው... ክሩ የነበረበት። ጡታቸውን ቆረጧቸው። ከዚያ ወዲህ ሳቃቸውን አልሰማሁም።

ሌላ ቅዳሜ መጣ።

ኦዴል ሥራ አድራ ገብታ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ...

ጥቁር ክር። ሸሚዟ ላይ። በቀኝ ጡቷ በኩል።

ከታች ልጆች ሲጫወቱ ይሰማ ነበር። ድምፃቸው ጠፋ።

ዕድሜ ልኬን በሰንበት ቋጠሮ ፈትቼ አላውቅም። ፈታሁት። በጥርሴ ፈታሁት። ነፍስ ማዳን ከሰንበት ይበልጣል።

መፍታት ብቻ አልበቃኝም። የእኔ ይሁን አልኩ። ክሩን ቀሚሴ ላይ፣ ጡቴ ላይ ልቋጥረው ሞከርኩ።

ሾለከ።

ደግሜ ሞከርኩ። ሾለከ።

ያኔ አንድ ነገር ጣቴን መታኝ። ቀዝቃዛ ብረት ነው።

«ሹቭ።»

ከኋላዬ ነው። ዞር አላልኩም። ኦዴል በእንቅልፏ አቃሰተች፤ እጇ ወደ ጡቷ ሄደ።

«ልጄን ተያት» አልኩ። «እኔ አለሁልሽ። እኔን ውሰጂ።»

«ሹቭ።»

ሲሾልክ መታችኝ። ሲላላ መታችኝ። ጣቴ እየደማ ተማርኩ... እኔ፣ ፊደል ያቃተኝ። ፀሐዩ ከግድግዳው ሲወርድ ክሩ ያዘ። ጡቴ ላይ ጥብቅ ብሎ ተቋጠረ።

ከኋላዬ ጭጭ አለ።

በማግስቱ መርምሩኝ ብዬ ራሴ ሄድኩ። ውጤቱ ሲመጣ በሽታው አለብሽ አሉኝ። ሐኪሙ አዝኖ ውሃ ሊሰጠኝ ተነሳ፤ እኔ ግን እስቅ ነበር። አብዳለች ብሎ ይሆናል። ልጄ ከዳነች ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ቤት ስገባ ነገርኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ልትታጠብ ገባች።

«እማ... ነይ እስቲ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ሸሚዟን አውልቃ መስታወት ፊት ቆማለች።

ጥቁር ክር ቀኝ ጡቷ ላይ ነበር፤ ያው የፈታሁበት ቦታ። አሁን ጨርቅ ላይ አይደለም... በአንድ በኩል ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ደም የለም፣ ቁስል የለም። ልቅም ያለ የግራኝ ቋጠሮ ነው፤ ጫፎቹ እኩል ተቆርጠዋል።

«ያምሻል?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አይሰማኝም» አለች።

ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

ክሩ ቀስ ብሎ... ወደ ውስጥ ተሳበ።