የቢያድግልኝ ጓጉንቸር

የራጅ ማሽን ጠጋኙ ቢያድግልኝ ቡሬ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ኤሌክትሪክ ገድሎት ትናንት ተቀበረ። አፈሩ ሳይደርቅ ስሙንም አብረው ቀበሩት፤ «በራሱ ቸልተኝነት ነው» ተባለ። ሚስቱ መታሰቢያ ግን «ልጆቼ አባታቸው ቸልተኛ ነበር እየተባሉ አያድጉም» ብላ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተተከለች። ኢንስፔክተር ሲሳይነሽ እሳት ጎርሳ ወደ ክሊኒኩ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

የክሊኒኩ ባለቤት የሽዋስ ተቀበላት።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ጥፋቱ የራሱ ነው። ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ማንም እንዳያበራበት በራሱ ጓጉንቸር ቆልፏል፤ ይኸው እንደተቆለፈ ነው። የማሽኑ የኤሌክትሪክ ሳጥን ግን ከጠፋም በኋላ ኃይል ይቋጥራል። እሱን ሳያፈስ እጁን ሰደደ።»

«ማሽኑስ?»

«ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት አብርቼ አየሁት። ነገ ሥራ እንጀምራለን።»

ነገ አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሲሳይነሽ ጥርሷን ነክሳ አለፈችው።

የራጅ ባለሙያዋ ናጂሃ ዓይኗ አብጧል። «የተቋጠረውን ኃይል ማፍሰሻ ዘንግ ሳጥኑ ላይ ሲያስነካው አጠገቡ ነበርኩ፤ ጠቅ ሲል ሰማሁ። ከዚያ በሽተኞቹን ጠብቁ ልል ወጣሁ።»

«ማብሪያው ከዚያ ይታያል?»

«አይታይም፤ ኮሪደሩ ጫፍ ነው።»

ዘበኛው ተስፋው ደግሞ «በሽተኞቹ ደጅ ነበሩ፤ ከውጭ የገባ ሰው የለም፤ ከሟቹ ሌላ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ናጂሃና ጋሽ የሽዋስ ሦስታችን ነን» አላት።

ሲሳይነሽ ከሟቹ አንገት የተፈታውን የጓጉንቸር መክፈቻ ይዛ ወደ ማብሪያው ሄደች። ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተችው፤ አልዞረም። ሦስቱንም እዚያው ጠራቻቸው፤ መታሰቢያም ተከትላ ገባች።

«ቢያድግልኝ ኃይሉን አፍስሷል፤ ናጂሃ ሰምታለች። ኃይሉ የፈሰሰ ሳጥን ሰው አይገድልም፤ እንደገና ካልበራ በቀር። ስለዚህ የእሱን ጓጉንቸር የሰበረና ያበራ ሰው አለ። ሲሞትበት አጥፍቶ ሌላ ጓጉንቸር ሰቀለ። ለዚህ ነው የሟቹ መክፈቻ የማይከፍተው።» ወደ ባለቤቱ ዞረች። «ጋሽ የሽዋስ፣ ዛሬ ጠዋት ማሽኑን ያበሩት በምን ከፍተው ነው?»

የሽዋስ ኪሱን ጨበጠ። «በሽተኛው ተሰልፎ ያጉረመርማል... ጨርሶ የሄደ መስሎኝ ነው።»

«ጨርሰሃል ወይ ብሎ ለመጠየቅ አሥር እርምጃ ነው። አሥር እርምጃ ሰነፉ፤ ሰው ገደሉ። ከዚያ በሬሳው ላይ ዋሹ።»

መታሰቢያ አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ቸልተኛ ነበር ያሉት ቀብሩ ላይ፣ በሰው ፊት ነው። ለቅሶተኛው ገና ከድንኳኑ አልተበተነም፤ እውነቱንም እዚያው ይናገሩልኝ።»

ሲሳይነሽ የሽዋስን በካቴና አስራ መኪና ውስጥ አስገባችው። ሾፌሩ ወደ ጣቢያው ሊታጠፍ ሲል ትከሻውን ያዘችው።

«መጀመሪያ ወደ ድንኳኑ ንዳ» አለችው።