የውሸት መርዶ

ሰርካዲስ አግማስን የወደደችው ሐረጎ ላይ ነው፤ ጉም በዋጠው መንገድ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ።

ሹፌሩ ከፊቱ ያለው መኪና አልታየው ብሎ ዳር ይዞ ቆሟል። ሥራ የረፈደበት ሁሉ ይነጫነጫል። ድንገት አንድ ቀጭን ወጣት ከመቀመጫው ብድግ አለና የአውሮፕላን አስተናጋጅ ድምፅ አወጣ።

«ክቡራን መንገደኞች፣ አሁን ከደመና በላይ እየበረርን ነው። ቀበቶ ስለሌለን ጎረቤታችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ!»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። የእሱ ጎረቤት ሰርካዲስ ነበረች። ሊይዛት እጁን ዘረጋና አፍሮ መልሶ ኪሱ ከተተው። እሷን የገዛት ቀልዱ ሳይሆን ያ እፍረቱ ነው።

አግማስ በአንድ የደሴ ኤፍ ኤም ጣቢያ «ጧት በሳቅ» የሚባል ፕሮግራም ያዘጋጃል። እሷ ኮምቦልቻ የመድኃኒት መደብር ውስጥ ትሠራለች። ክረምቱን ሙሉ ፒያሳ እየተቀጣጠሩ ሻይ ጠጡ፤ ሻይ ጠጡ ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ብርጭቆው ሳይነካ ነበር የሚቀዘቅዘው።

«ሁልጊዜ እየቀለድክ ነው የምትኖረው?» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ ስታዪኝ ይጠፋብኛል።»

«እያየሁህ እኮ ነው።»

«ታዲያ እየጠፋብኝ ነው።»

ዝም ተባባሉ። እንዲህ ያለ ዝምታ ካወቀች በኋላ ሌላ ወንድ ለሰርካዲስ አይታያትም ነበር።

ሁሉንም ነገረችው። እናቷ ገና በአራስነቷ ስትሞትባት የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤታቸው ከድጃ አንስታ ከልጇ ከጣሀ እኩል አጥብታ እንዳሳደገቻት ነገረችው። ከድጃ ማተቧን አልነካችባትም፤ እንዲያውም ረቡዕና ዓርብ ለብቻ ድስት ጥዳ የጾም ወጥ ትሠራላት ነበር። ወሎ ነውና ይህ የሚገርመው ሰው አልነበረም። ጣሀ ለሥራ ጅዳ ከሄደ በኋላ ድምፁ መጥፋቱንም ነገረችው። «እማ ከድጃ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ ነው የምትተኛ» አለችው፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። አግማስ እንባዋን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ሽማግሌውን ተቀብላ የምታነጋግረውም ከድጃ ነበረች።

እንግዲህ ይህን የምታህል አደራ የተሰጠው ሰው ያደረገውን ስሙ።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ጎህ ሲቀድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በር ሲያንኳኩ የማይርበተበት አንጀት የለም። አንድ ማለዳ ሁለት ሰዎች፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው የከድጃን በር አንኳኩ። ሽማግሌዎች አልነበሩም። የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች ናቸው፤ መቅረጫው በጋቢያቸው ሥር ነበር።

«ከድጃ፣ የሰው ልጅ አፈር ነው፣ በርቺ። ጣሀ…»

ከዚያ በኋላ ያሉት አልተሰማም። የከድጃ ጩኸት ሰፈሩን ቀሰቀሰው። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ወጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንዶች ፍራሽ አነጠፉ፣ ሼኹም ቄሱም መጡ። ከኩታበር ያሉ ዘመዶች በስልክ ተነግሯቸው ገና በመንገድ ላይ እያለቀሱ ነበር።

ሰርካዲስ ተረኛ ሆና ኮምቦልቻ ነበር ያደረችው። ሐረጎን እየጮኸች ወጣችው። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ከከድጃ እግር ሥር ወደቀች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ከድጃ ፊቷን ነጭታ፣ ድምፅ አጥታ፣ መሬቱን በመዳፏ ትመታ ነበር።

ያኔ ነው አግማስ ሕዝቡን እየሰነጠቀ የገባው። ፊቱ በፈገግታ በርቷል፤ በእጁ ስልክ ይዟል።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ጣሀ ነው! በሕይወት አለ! ጧት በሳቅ ነን!»

ከስልኩ ውስጥ የጣሀ ድምፅ ወጣ። «እማ? እማ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ስጦታ አለ ብለውኝ እኮ ነው…»

ከድጃ ስልኩን ሳመችው፣ ላሰችው ማለት ይቀላል። ሕዝቡ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ እንደ ደነገጠ ቀረ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጋው ብቻ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና «ድንኳኑን አፍርሱት» ብለው ወጡ። ሰርካዲስ አግማስን አየችው። ግንባሩ በላብ ወዝቷል፤ እንድትስቅለት ይጠብቃል።

«ከስንት ልፋት በኋላ እኮ ነው ያገኘሁት! ከሽማግሌው በፊት ላስደስታችሁ ብዬ ነው። ኔትወርኩ እምቢ ብሎ ነው የዘገየብን» አላት።

ሰርካዲስ ፊቷን ወደ ከድጃ መለሰች። ጣሀ ተርፏል፤ ከዚያ በላይ ለማሰብ ጉልበት አልነበራትም።

በማግስቱ ወደ ሥራዋ ስትወርድ የሚኒባሱ ሬዲዮ ክፍት ነበር። በመጀመሪያ ከበሮ የመሰለ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ የአግማስ ድምፅ መጣ። «ዛሬ በዓይነቱ ልዩ የሆነ ፕራንክ ይዘን…» ከዚያ የከድጃ ጩኸት ተለቀቀ። ከሥሩ የሚንከተከት ሳቅ አስገብተውበታል፤ ከሆነ ፊልም የተቀዳ፣ ከድጃን የማያውቁ ሰዎች ሳቅ። ጩኸቷ ከፍ ሲል ሳቁም ከፍ ይላል። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ መጣ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» የራሷ ድምፅ ነው። በዚያም ላይ ሳቁበት።

«ዝጋው! ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ያረቢ፣ በእናት ልቅሶ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሹፌሩ ዘጋው።

«ወራጅ» አለች ሰርካዲስ። ከመኪናው ወርዳ መንገዱ ዳር አስመለሳት።

ከተማው ነደደ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚወራው ይኸው ብቻ ሆነ። የጣቢያው በር በሕዝብ ተጥለቀለቀ፤ ስልኩ በእርግማን ተጨናነቀ። በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ነውሩ ተወገዘ። ጣቢያው «በዝግጅቱ ቅር የተሰኙ አድማጮች ካሉ» ይቅርታ እንደሚጠይቅ በጣፋጭ ድምፅ አስነበበ። ካሉ! እንደ ሌሉ ሁሉ! በዚያው አፉ ስሕተቱ «የአዘጋጁ የግል ድርጊት ነው» ብሎ አግማስን አባረረው፤ ያን ሳቅ ያስገቡት፣ ጋቢ ለብሰው የሄዱት ግን ደመወዛቸውን እየበሉ ቀሩ። ከዚያ ይቅርታ እርግማኑ ይሻል ነበር።

የቧንቧ ውሃ ቅሬ ደግሞ የራሱን ፈረደ። «ቢሞት አንቀብረውም፣ ቢሞትበት አንደርስለትም» አሉ ጋሽ አራጋው። ለወሎ ሰው ከዚህ የሚከብድ ፍርድ የለም።

አግማስ ሲጨንቀው ድንጋይ ተሸክሞ ቅሬው ፊት ቀረበ። ቀልድ የለ፣ ፈገግታ የለ። ከድጃ ብዙ አየችው። ከዚያ ተነስታ ድንጋዩን በገዛ እጇ ከጫንቃው አወረደችለት።

«ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ። አብሽር፣ ልጄ። ልጄንም ያገኘህልኝ አንተው ነህ» አለችው።

ቅሬውም ማረው። ከተማው ሌላ ወሬ አገኘ። ሰዉ መንገድ ላይ ሰላም ይለው ጀመር። ሽማግሌው ይላክ ወይስ ይቅር የሚለው ብቻ ቀረ፤ እሱን የምትወስነው ሰርካዲስ ነበረች።

ፒያሳ፣ የድሮው ሻይ ቤት፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ከስቷል። እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሊይዛት ፈራ፤ እንደዚያን ቀን። ልቧ ዘለለ። ልቧ እንዲህ ሲዘልላት በራሷ አፈረች።

«ሰርኬ፣ ሁሉም ማረኝ። አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ።»

«ጠይቂኝ።»

«እማ ከድጃ ስትጮህ ውጭ መኪና ውስጥ ሆነህ ትሰማ ነበር አይደል? በማዳመጫው?»

«እሰማ ነበር።»

«ኔትወርኩ እምቢ አለ። ድንኳን ሲተከል አየህ። እኔ ‹ወንድሜን› እያልኩ ስጮህ ሰማህ። ገብተህ ‹ውሸት ነው› ማለት ትችል ነበር። ለምን አላልክም?»

አግማስ መስኮቱን አየ። ውጭ ባጃጆች ይጯጯኻሉ። ሊዋሽ አፉን ከፈተና ዘጋው።

«ድምፁ ጥሩ እየመጣ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

ሰርካዲስ ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። ያን ጧት መንገድ ዳር ያስመለሳት ስሜት ነው ተመልሶ የመጣው። ቁጣ ቢሆን ይበርድ ነበር፤ ቁጣን ታውቀዋለች። ይህ ግን ምግብ ውስጥ ፀጉር እንደማግኘት ያለ ነው። ሰውየው ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ከልቡ ተጸጽቷል፣ እሷም ትወደዋለች፤ ሆኖም ከሳህኑ መብላት አልቻለችም።

«ስላልዋሸኸኝ አመሰግንሃለሁ» አለችውና ተነሳች።

«ሰርኬ… ሽማግሌውስ?»

«አትላክ።»

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን እጁን አንድ ጊዜ በጣቶቿ ነካችው። ከዚያ ወጣች። አልተከተላትም።

ቤት ስትደርስ ከድጃ ከደጅ ምስር እየለቀመች ነበር። ነገ ረቡዕ ነው። ቀና ብላ ፊቷን አየችና ሰፌዱን አስቀመጠች።

«አፉ አላልሽውም እንዴ?»

«በልቤ ብየዋለሁ፣ እማ።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ልጁ እኮ ተጸጽቷል፤ ወላሂ፣ ከልቡ ነው። እኔ እንኳ የቆሰልኩት ትቼለታለሁ።»

«አንቺ አፉ ብለሽው ወደ ቤትሽ ገባሽ» አለች ሰርካዲስ። «እኔ ግን አፉ ብዬው፣ አብሬው ነው ቤት የምገባ። ሳለቅስ ምን እያዳመጠ እንደሆነ ዕድሜ ልኬን ስጠራጠር ልኖር ነው።»

ከድጃ ነጠላዋን አውልቃ ከጎኗ መሬቱ ላይ ዘረጋችላት።

«ያኛው መርዶ የውሸት ነበር፤ ይኼኛው የእውነት ነው» አለች። «ነይ የኔ ዓለም፣ ተቀመጪ። እናልቅስለት።»