የታሸገው ዝርዝር

ጫማውን አውልቆ ሊተኛ የተዘጋጀ ሰው በካልሲ ብቻ ወደ ሆቴሉ ደረጃ ምን አወጣው? መርማሪ ቨርና ስታብልፊልድ እሑድ ጠዋት ከድዋይት ኬስለር ሬሳ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ይህን ታስብ ነበር። የሟቹ አንገት ተሰብሯል፤ ክንዱ ላይ የጣት ምልክት አለ። ክፍሉ ውስጥ «በድያችኋለሁ፤ ጠዋት ከፍቼ አስተካክለዋለሁ» የሚል ያልተፈረመ ወረቀት ተገኘ።

ኬስለር በኮሌጆች የአሜሪካ እግር ኳስ ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡትን አራት ቡድኖች የሚመርጠው ባለአራት አባል ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። ዝርዝሩ ቅዳሜ ማታ ታሽጓል፤ የሚነገረው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። ለአራተኛው ቦታ የተፋጠጡት ሀብታም የሆነው ካልድዌል ኮሌጅና አሥራ ሁለቱንም ጨዋታ ያሸነፈው ትንሹ ሃርሞን ኮሌጅ ናቸው። ቨርና የሃርሞን ኮሌጅ ያለበት ከተማ ልጅ ናት፤ ቦስተን ሕግ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ በሰውም በደንብም ማመን ይቸግራታል።

መጀመሪያ የኮሚቴውን አባል ግሌንዳ ማርሽን ጠየቀች።

«ኬስለርን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«ትናንት ጠልቼዋለሁ። ለሃርሞን አሰልጣኝ ‹ሁሉንም አሸንፉ እንጂ በሩ ክፍት ነው› ብሎ የማለው እሱ ነው። ውሳኔውን ግን እስከ እኩለ ቀን አልነግርሽም።»

ሽማግሌው አባል ቨርጂል ኦክስ ደግሞ፣ «ሰው መግደል ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል» አለ። ስለ ዝርዝሩ እሱም «እኩለ ቀንን ጠብቂ» አላት።

ሦስተኛው ሃርላን ቦይድ የካልድዌል የቀድሞ አሰልጣኝ ነው። በኮሚቴው ደንብ የራሱ ኮሌጅ ሲነሳ አባል ከክፍሉ ይወጣል፤ ድምፅም አይሰጥም።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ቁርስ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ደንብ ማክበር ከኔ ይማሩ፣ እመቤት።»

«ሃርሞኖችስ?»

«ምስኪኖች። ኳስ ወርዋሪው ዋና ተጫዋቻቸው እግሩን ሰበረ ብሎ ድዋይት ራሱ ይጣላቸው? ያን ሁሉ ቃል ገብቶ?»

አራት ሰዓት ላይ ሦስቱን በስብሰባው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ድምፅ የሰጣችሁት ሁለታችሁ ውሳኔውን አልነገራችሁኝም። ውጭ የነበረው ግን ማን እንደወደቀ፣ በምን ሰበብ እንደወደቀ ነገረኝ። አቶ ቦይድ፣ ለማንም ካልተነፈሱ ማን ነገረዎት?»

«ግሌንዳ ሹክ ብላኝ ይሆናል።»

«እኔ? አንተን ያየሁህ ቁርስ ላይ ነው፣ ሃርላን።» ኦክስም ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ የቀረው ሟቹ ነው» አለች ቨርና። «ክፍሉ ሄዱ። ጠዋት ዝርዝሩን ከፍቶ ሃርሞንን እንደሚመልስ ነገረዎት። ተቆጥተው ሲወጡ ሊያበርድዎ በካልሲው ተከተለዎት። ደረጃው ላይ ክንዱን ያዙት።»

ቦይድ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነበር። ‹ልጆችህን ከዝርዝሩ አወጣቸዋለሁ› አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። እንዲሞት አልፈለግሁም። ገፋሁት እንጂ።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ቨርና ወደ ግሌንዳ ዞረች። «አሁን ትከፍቱታላችሁ?»

«የታሸገ ዝርዝር የሚከፍተው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው።»

«ሊቀመንበሩ ሞቷል።»

«ደንቡ ስለ ሞት አያወራም፣ እህቴ።»

እኩለ ቀን ላይ ካልድዌል አራተኛ፣ ሃርሞን አምስተኛ ተባለ። ቨርና መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ለግሌንዳ ጻፈች፦ «ድምፁ ሦስት ነበር፤ ሟቹ ብቻውን ሃርሞንን ሊጥል አይችልም። አብሮት የጣላቸው ኦክስ ነው ወይስ እርስዎ? የሃርሞን ልጆች ይጠይቁኛል።»

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየ። ቨርና ስልኩን ወንበሩ ላይ ጥላ ወደ ሃርሞን ነዳች።