«አበልጄ፣ ራዳሩን እንዳታጠፋ»

ውሸት ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ነበርኩበት።

ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ከአርባ። ጦር ግንባር፣ ከሚኮላይቭ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የሱፍ አበባ ማሳ መሀል። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች... ሰይጣን እንኳ ጥላ ፈልጎ የሚተኛበት ሰዓት።

የራዳሩ መኪና ውስጥ ሁለት ነን፦ እኔ ዩኪም፣ እና ዞርያና።

ሥራችን ቀላል ነው። ራዳሩ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ከሚበር ነገር ጋር ተላትሞ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ይሆናል። ጠላት ከሆነ፣ ጠዋት ሌሎች ጎትተው አጠገባችን ካቆሙት ማስወንጨፊያ ሚሳይል ይወጣል። ራዳሩ እየመራ ያደርሰዋል።

ግን የበራ ራዳር ለጠላትም ይታያል። ጨረሩን ተከትሎ የሚመጣ ሚሳይል አለ። ስለዚህ ታበራለህ፣ ትተኩሳለህ፣ አጥፍተህ ትሮጣለህ።

ያን ቀን ግን በሬዲዮ...

«አበልጄ፣ ራዳሩን እንዳታጠፋ።»

አዛዣችን ዴምያን ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳ።

«ከበራ ስድስት ደቂቃ ሆነው እኮ!»

«እመነኝ። ስለ ስቴፋኒያም አታስብ።»

ስለ ልጄ ማን አነሳ?

ዞርያና በመስኮት ታያለች።

«ዩኪም...» አለች በሹክሹክታ። «ማስወንጨፊያው ለምን በነፋስ ይወዛወዛል?»

«የኛን ገንፎ ሲበላ ከስቶ ይሆናል።»

«አትቀልድ።»

ወጣሁ። ትናንት ዘንቦ የኛ መኪና እስከ ግማሽ ጎማው ሰምጧል። የማስወንጨፊያው ጎማ ግን ጭቃውን ጫን እንኳ አላደረገውም።

የሚሳይሉን ቱቦ አንኳኳሁ።

ኳ... ኳ...

ባዶ ቆርቆሮ!

እውነተኛው ሌላ ቦታ አድፍጧል፤ ጠላት እኛን ሊመታ ብቅ እስኪል። እኛ ለካ የአይጥ ወጥመድ ላይ የተሰካን ስብ ነን። የሰካን ደግሞ አበልጄ።

ራዳሩን የሚያበራውን የጄነሬተር ገመድ በመጥረቢያ በጠስኩት። ዞርያናን ጎትቼ፣ ሮጠን ቦይ ውስጥ ወደቅን።

ደረቴ ላይ ያለው ሬዲዮ አንሾካሾከ። ዴምያን ለበላይ ሪፖርት እያደረገ ነው።

«ሁለት ሰው ሞቶብናል። ዩኪምና ዞርያና። አራት ከሃምሳ ሁለት ላይ።»

ሰዓቴን አየሁ። አራት ከአርባ ዘጠኝ።

«ገና ሳንሞት?» አለች ዞርያና። «ሦስት ደቂቃ እንኳ አይታገሰንም?»

ልሰድበው ሬዲዮውን አነሳሁ። አንድ ድምፅ ቀደመኝ።

«አለን፣ አበልጄ። ራዳሩ በርቷል።»

የኔ ድምፅ ነው።

አፌን አልከፈትኩም...

ከቦዩ ቀና አልን። ገመዱ ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። የራዳሩ አንቴና ግን ይዞራል።

መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

ሴቲቱ ሰማዩን ታያለች። ሰውየው ቀስ ብሎ ወደኛ ዞረ... ፊቱ የኔ ነው።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።